ሸክላው መሀል ላይ ያለው ስም፦ ስለ አምሃ እሸቴ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ የአባቴን ሸክላዎች እናዳምጣለን። መጀመሪያ ሦስት ጎረቤታሞች ነበርን። አሁን ወጣቶቹ በዝተው ወንበር እየተዋስን ነው። ቡና ይፈላል። መርፌዋ ትወርዳለች። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል።

ስለ ዘፋኞቹ ብዙ አይጠይቁኝም። እነሱን ያውቋቸዋል። የሚጠይቁኝ ሸክላው መሀል ባለው ክብ ወረቀት ላይ ስማቸው ስለታተመው ሰው ነው። "አምሃ ሪከርድስ" ይላል። አምሃ ማነው? በየሳምንቱ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ጋሽ አምሃ ዘፋኝ ነበሩ?

አይደሉም። አሳታሚ ነበሩ። በተለምዶ "ሙዚቃ ቤት" የምንለው ነገር ባለቤት ማለት ነው። ዘፈን የሚመርጥ፣ ባንድ የሚያሰባስብ፣ ለቀረጻ የሚከፍል፣ ሸክላውን አሳትሞ ገበያ የሚያወጣ ሰው። ዘፈኑ ከተወደደ የዘፋኙ ስም ይነሳል። ካልተወደደ ኪሳራው የአሳታሚው ነው።

በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ በግል ድርጅት በሸክላ ለማሳተም የደፈሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። በረንዳዬ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ዕድሜ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይላሉ።

የዓለማየሁ እሸቴ ወንድም ናቸው?

አይደሉም። የአባቶቻቸው ስም ተገጣጥሞ ነው። ግን ጥያቄው ለምን እንደሚመጣ ይገባኛል። የአምሃ ሪከርድስ የመጀመሪያ ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበርና፣ ሁለቱ ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ታትመዋል። ሁለቱም ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው። ጋሽ አምሃ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ በነሐሴ መጨረሻ። ያን ክረምት እኛ በረንዳ ላይ ሌላ ሸክላ አልተጫወተም።

ሸክላ ማሳተም ምኑ ነው ድፍረት የሚጠይቀው?

ሕግ ነበረ። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስገባቱንና የማሳተሙን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሀገር ፍቅርን ልወቅስ አይደለም። በ1935፣ ጣሊያን ሊወረን በተዘጋጀበት ዓመት የተመሠረተ ቤት ነው። ለቴአትራችንም ለሙዚቃችንም ባለውለታ ነው። ነገር ግን አገር ሙሉ ዘፋኝ በአንድ በር ብቻ ይውጣ ከተባለ ወረፋው ያረጅበታል። በዚያ በር የወጣው ሸክላ ከነበረው ሙዚቃ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ሙዚቃው ግን ሞልቶ ነበር። ክብር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ፖሊስ ሠራዊትም፣ ምድር ጦርም እንደዚሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ነበረ። ሙዚቀኞቹ ኖታ የሚያነቡ፣ በሥርዓት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ቀን የመሥሪያ ቤታቸውን መለያ ለብሰው ይጫወታሉ። ማታ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ውስጥ ሌላ ዓለም ነበር። ሶል፣ ትዊስት፣ ረጃጅም ጎፈሬ፣ ጠባብ ሱሪ። ወጣቱ ይህን ሁሉ ክበብ ሄዶ ይሰማል። በሬዲዮም ይሰማል። ሸክላ ልግዛ ሲል ግን የሚያገኘው የውጭ አገር ዘፈን ነው።

ጋሽ አምሃ ይህን ያዩት ከባንኮኒ ኋላ ቆመው ነው። ከማሳተማቸው በፊት ሐራምቤ የሚባል የሙዚቃ መደብር ነበራቸው። ሰው ገብቶ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን አጥቶ እንደሚወጣ በየቀኑ ያያሉ። እኔ በዚህ በኩል ሳስበው ነው ሰውዬው ይበልጥ የሚገባኝ። ጀብደኛ ብቻ አልነበሩም። ገበያውን አንብበዋል።

ታዲያ አልታሰሩም?

አልታሰሩም። ኋላ ላይ ሲናገሩ፣ ለዚህ ተብሎ የሚገድለኝ የለም፣ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ ብታሰር ነው ብለው አስበው እንደገቡበት ገልጸዋል። እስሩም አልመጣ፣ ሥራውም አልተዘጋ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ሌላውም ገባ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስ የኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተሙን ገፋበት። ቀጥሎ ብዙዎች "አሊ ታንጎ" የሚሏቸው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ መጡ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ ሎንግ ፕሌይ፣ ማለትም ብዙ ዘፈን የሚይዝ ትልቅ ሸክላ፣ አገሩ ላይ ወጥተዋል። ዛሬ "ወርቃማው ዘመን" የምንለው የሸክላ ሙዚቃ ይህ ነው። አሥር ዓመት እንኳ አይሞላም።

አሳታሚ ማለት ገንዘብ ያለው ሰው ማለት አይደለም? ምን ይሠራል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ሙዚቃ የሚሞክር ልጅ ነው። ድምፁን ይዞ መጥቶ "ገንዘብ የሚያወጣልኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት" ይለኛል። እስቲ አንድ ሸክላ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምርጫው አለ። ክበብ ውስጥ ሰው ያስጨፈረ ዘፈን ሁሉ ቤት ውስጥ ደጋግሞ አይደመጥም። ትንሿ ሸክላ ፊትና ጀርባ አላት፣ በየጎኗ አንድ ዘፈን። በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች። ስለዚህ ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ አለበት። ክበብ ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚጎተተው እዚህ ይታጠፋል። የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ጎን ፊት ይሁን፣ ይህ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል።

ከዚያ ባንድና አቀናባሪ ይገናኛሉ። ዜማው የድሮ ሊሆን ይችላል። ሳክስፎኑ የት ይግባ፣ ኦርጋኑ ምን ይበል የሚለው የአቀናባሪው ነው። ጋሽ አምሃ ለዚህ ሥራ የመረጧቸውን ሰዎች ስም ብቻ ማየት በቂ ነው፦ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ግርማ በየነ። ግርማን ብዙ ሰው በዘፋኝነቱ እንኳ አያውቀውም። ያቀናበራቸው ዘፈኖች ግን ከ60 በላይ ናቸው። እናንተም ሳታውቁት ስታንጎራጉሩት የኖራችሁት የእሱ እጅ አለበት።

ቀረጻው ራሱ ፈተና ነበር። የዛሬው ዓይነት ስቱዲዮ የለም። ድምፃዊውም ባንዱም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በአንድ ላይ ይጫወታሉ። ማይክራፎኑ ጥቂት ነው። ከበሮው ቢጮህ መለስ ተብሎ ከበሮው ብቻ አይቀነስም። መለከቱ አንድ ቦታ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዳንዱ ሸክላ ላይ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል። በጣም የምወደው ያንን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ስጋት የሚመጣው። አገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ የለም። ቴፑ ውጭ ይላካል። የመጀመሪያዎቹ ህንድ ታተሙ፣ ኋላም ሊባኖስ። እዚያ ድምፁ ከቴፕ ማስተር ወደሚባለው ዋና ቅጂ ይቀረጻል። ከማስተሩ የብረት ቅርጽ ይወጣል። በብረቱ እየተጨፈለቀ ሸክላው ይታተማል። አሳታሚው ይህን ሁሉ አያየውም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስንት ፍሬ ይታተም የሚለውን አስቀድሞ ቆርጦ ከፍሏል። ካሳነሰ ዘፈኑ በሰው አፍ ላይ እያለ ገበያው ባዶ ይሆናል። ካበዛ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ጭነቱ ቢዘገይስ? የበዓል ዘፈን ከበዓል በኋላ ቢደርስ ማን ይገዛዋል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉምሩክ አለ፣ ማከፋፈል አለ፣ በየከተማው ላለ ባለሱቅ በዱቤ ሰጥቶ ገንዘብ መሰብሰብ አለ።

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ መሞከር ይቻል ይሆናል። ጋሽ አምሃ ግን ከ1969 እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ሎንግ ፕሌይ አወጡ። ትናንሾቹ ብቻ 206 ዘፈን ናቸው። በወር ከአንድ ሸክላ በላይ ይመጣል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ገንዘብ ያለው ሰው ያኔም ብዙ ነበር። 103 ጊዜ ገንዘቡን ለዘፈን የጣለው ግን አንድ ሰው ነው።

እነማንን አሳተሙ?

ዓለማየሁን ጠቅሻለሁ። መሐሙድ አሕመድ አለ። ሙሉቀን መለሠ አለ፣ ገና በልጅነት ድምፁ። ሰይፉ ዮሐንስና ተሾመ ምትኩ አሉ። የሁለቱን ሸክላ ሳስቀምጥ ልጆቹ ስልካቸውን ያወርዳሉ። ሂሩት በቀለም አለች። ሙላቱ በ1974 ያወጣውን የኢትዮ ጃዝ ሎንግ ፕሌይ ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። ግጥም ለሚወድ ሕዝብ ግጥም የሌለው ሸክላ ማቅረብ ትርፍ ፍለጋ ብቻ አይደለም። አሳታሚው ራሱ የሚወደው ነገር ሲኖር ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚታተመው።

ሸክላው ያኔ ናዝሬት ድረስ ይመጣ ነበር?

ይመጣ ነበር፣ በኛ ቤት ምስክር አለ። አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ደመወዝ ሲቀበል በወሩ አንዴ አዲስ አበባ ይወጣል። ሲመለስ ለእናቴ የታዘዘውን ዕቃ፣ ለራሱ አንድ ሸክላ። ሸክላዋን ጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር የሚመጣው። ባቡር ውስጥ ሰው ተደግፎ እንዳይሰብርበት ይፈራል። እናቴ ስኳሩን ረስቶ ሸክላውን ያልረሳበትን ቀን እስክታርፍ ድረስ ታነሳበት ነበር። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ስኳር መርሳት!

ናዝሬት ያኔም የመንገድ ከተማ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ያልፍባታል። ቅዳሜና እሁድ ሶደሬ ለመታጠብ የሚሄደው የአዲስ አበባ ሰው ያድርባታል። ሙዚቃውም አብሮ ይመጣል። አባቴ እንደሚለው ከሆነ አንዳንዱን አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሰማው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ቡና ቤት ውስጥ ነው።

ሥራው ለምን ቆመ?

በ1974 አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የዚህን ነገር ክብደት የዛሬ ልጅ ቶሎ አይረዳውም። ሰዓት እላፊ ማለት ማታ የለም ማለት ነው። ማታ ከሌለ ክበብ የለም። ክበብ ከሌለ ባንዱ የሚለማመድበት፣ አሳታሚው አዲስ ዘፋኝ የሚሰማበት፣ ሕዝቡ ዘፈኑን የሚለምድበት ቦታ የለም። የሸክላው ሥር የነበረው እዚያ ነው። ጥቂት ቦታዎች በር ዘግተው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ያ ግን ኢንዱስትሪ አያቆምም። ግጥሙም ሳንሱር ውስጥ ያልፋል።

ጋሽ አምሃ በ1975 አገር ጥለው ወጡ።

ካሴትም የዚያኑ ሰሞን ደረሰ። ውጭ መላክ የለም፣ ፋብሪካ የለም፣ ባዶ ካሴት ካለ እዚሁ ይባዛል። ርካሽ ነው። ሙዚቃውን በክፉ ዘመን በሕይወት ያቆየው ካሴት ነው፣ ይህን አልክድም። ግን አሳታሚውንም ዘፋኙንም ያደኸየው እሱው ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ባዶ ካሴት ይዤ ሱቅ ሄጄ አስቀድቻለሁ። ያኔ ከማን ላይ እንደወሰድኩ አልገባኝም ነበር። አሁን ሲገባኝ ያሳፍረኛል።

አሜሪካ ሄደው ሙዚቃውን ተዉት?

ከሙዚቃ የሚርቅ ሰው አይደሉም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ ቀጥሎም የምሽት ክበብ ከፈቱ። ዛሬ ዲሲ ላይ ሐበሻ ሞልቷል፣ ምግብ ቤቱም ብዙ ነው። ያኔ ግን ስደተኛው ጥቂት ነው። አገሩ መመለስ አይችልም። እንጀራና ዘፈን አንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት ለዚያ ሰው ምን ማለት እንደነበረ እናንተም ዘመድ ውጭ ካላችሁ ጠይቁት።

በ1981 ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ። ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ግርማ በየነም ከቀሩት አንዱ ነው። ጋሽ አምሃ ያሳተሟቸውና የሚያውቋቸው ሰዎች ቀስ በቀስ እዚያው ከተማ ዙሪያ ተሰበሰቡ ማለት ነው። ይህ የታሪኩ ክፍል ሁሌም ያሳዝነኛል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ አገራቸው ተመለሱ።

ፈረንጆቹ እንዴት ሰሙት ታዲያ?

በአንድ ፈረንሳዊ ነው ነገሩ የጀመረው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይባላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመሐሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባ። ሰምቶ አላስቻለውም፣ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። ከ30 ቅጽ በላይ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ትልቁ ክምችት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአምሃ ሪከርድስና ከካይፋ ነው። አራተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የሙላቱ ነው። ዘጠነኛው የዓለማየሁ። ከአራተኛው የተወሰዱ ሙዚቃዎች በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገቡና ዓለም "ይህ ምንድን ነው?" አለ።

አንዳንድ ልጆች "ፈረንጅ ነው ያወቀልን" ሲሉ ግን አልስማማም። ፋልሴቶ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ አመሰግነዋለሁ። ያወቀልን ግን በ1969 ገንዘቡን ያወጣው ሰው ነው። ያ ቴፕ ባይቀረጽ ኖሮ ፈረንሳዊው ምን ያገኝ ነበር? ዘፋኞቹ አርጅተዋል። ክበቦቹ ፈርሰዋል። የቀረው ሸክላው ነው። ዛሬ አንዳንዱ ኦሪጅናል የአምሃ ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። አባቴ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ ያመጣው ማለት ነው።

አዳማ ተቀምጬ እንደሳቸው መሥራት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ትችያለሽ። ይህን ለማበረታታት ብቻ አልልም። ዛሬ ህንድ የሚላክ ቴፕ የለም። ቀረጻው እዚሁ አዳማ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ነው። ደግሞ ከተማችን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትዘፍናለች። ዓሊ ቢራ ያረፈው እዚህ አዳማ ነው፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.። ያረፈ ሰሞን ከተማው እንዴት እንደነበረ ያየ ሰው፣ እዚህ ለሙዚቃ ሰው የለም አይለኝም።

ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው ጆሮ ነው። ክፍያ ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ሰርግ ላይ ስሙ፣ ባጃጅ ውስጥ ስሙ፣ ሰው ደግሞ ደግሞ የሚከፍተው የቱን እንደሆነ ስሙ። ጋሽ አምሃ መጀመሪያ ባለመደብር ነበሩ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል፣ ምክንያቱም ተቃጥዬበታለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን አንድ ወጣት ድምፃዊ አስቀረጽን። ገንዘብ ያወጣነው እኛ ነን። ውል ግን አልጻፍንም። ወንድማማች ነን፣ ምን ያጣላናል አልን። ዘፈኑ ትንሽ ተሰማ። ከዚያ ግጥም ጸሐፊው መጣ፣ የኔ ነው አለ። ልክ ነበር። ዜማ ደራሲውም መጣ፣ እሱም ልክ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ መኮራረፉ ነው። እስከዛሬ ፖስታ ቤት አካባቢ ስንገናኝ አንገት ነቅንቀን ብቻ ነው የምንተላለፈው።

ስለዚህ አንድ ዘፈን የአንድ ሰው አይደለም። ግጥሙ ባለቤት አለው። ዜማውም፣ ቅንብሩም። ድምፃዊው የራሱ መብት አለው። ያስቀረጸውም ሰው መብት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ይህን በግልጽ አስቀምጧል፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለልጆቹ ይተላለፋል ማለት ነው። "የድሮ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም" የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት፣ የሁሉም ፊርማ፣ ከቀረጻው በፊት። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ለመፈራረም ብትሞክሩ ማንም እጁን አይዘረጋም። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብም ይቻላል።

አያቴ ቤት የድሮ ሸክላ አግኝቻለሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አትሽጠው። ቢያንስ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ፎቶ ሳታነሳ አትሽጠው። ቁጥሩ፣ የአቀናባሪው ስም፣ የባንዱ ስም ካለ፣ የት አገር እንደታተመ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንዳንዱ መረጃ ከዚያ ወረቀት ሌላ የትም የለም።

አታስተኛው። አንዱን በአንዱ ላይ ከቆለልከው ይጣመማል። እንደ መጽሐፍ አቁመው። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ለሸክላ ጠላት ነው። እኔ አንዱን መስኮት ሥር ረስቼው ከሰዓት በኋላ ስመለስ እንደ ድስት ክዳን ጎብጦ አገኘሁት። ማሪያሜን፣ አለቀስኩ። አቧራውም እንደዚያው ነው። ነፋሳችን መብራት እስኪያመነጭ ድረስ የሚነፍስ ነው፣ አቧራውን ደግሞ በየጉድጓዱ ያስገባል። ስለዚህ ከፕላስቲክ ከረጢት በፊት ንጹሕ የወረቀት ልባስ ውስጥ ይግባ።

ከቆሸሸ ለብ እንኳ ባላለ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ፣ የሸክላውን ክብ መስመሮች ተከትለህ ጥረገው። ወረቀቱን አታርጥበው። በረኪና የሚባል ነገር እንዳይነካው። መርፌው ያረጀ ማጫወቻ ላይም አታስቀምጠው፣ እየተጫወተ ይፋቃል። ማጫወቻ ከሌለህ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይዘኸው ና። ጨርቁም መርፌውም እኛ ጋ አለ። ሸክላውን ብቻ በጋቢ ጠቅልለው፣ ባጃጁ ያነጥራል።